ጎጃም ቤተሰብ ጋር ስትሄዱ የጽሞና ጊዜ የምታገኙበት መንገድ

ጥያቄው በየበዓሉና በየክረምቱ ይመጣል። «ልጆቹን ይዘን ጎጃም ልንሄድ ነው። እዚያ ስንደርስ ጸሎቴ ይቋረጣል። ቤቱ በሰው ይሞላል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ዘመድ ሁሉ እኔም ቤት ካልመጣችሁ ይላል። ምን ላድርግ?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች እናቶች ናቸው። ለየብቻ ስመልስ ሁሌ አንድ ነገር እየረሳሁ ስለማልፍ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

መመሪያው ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ፣ ቢቸና ወይም ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ለሚያርፍ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ነው። ሆቴል ለሚያርፍም አብዛኛው ይሠራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ለጸሎታችሁ አዲስ ሰዓት ለመፍጠር አትታገሉ። የምታርፉበት ቤት የራሱ ጸጥ ያለ ሰዓት አለው። የእናንተ ሥራ ያንን ሰዓት ማግኘት፣ ቤተሰቡን ማስፈቀድ፣ ከዚያ አጭር ጸሎት ይዞ መግባት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚህ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዘወትር ጸሎትና ውዳሴ ማርያም ያለበት ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ። የታተመ ይሁን። ስልክ ላይ ያለው ለምን እንደማይበቃ ደረጃ 5 ላይ ታገኙታላችሁ።
- መዝሙረ ዳዊት፣ በኪስ የሚያዝ።
- ነጠላ፣ ለእያንዳንዱ ሰው። ከዘመድ መዋስ ይቻላል፣ ግን ማለዳ ነጠላ ፍለጋ ሰው መቀስቀስ የለባችሁም።
- ጋቢ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ጮቄ ተራራ በቀረባችሁ መጠን ብርዱ ይብሳል። የበረደው ሰው ጸሎቱን ያሳጥራል።
- ትንሽ የእጅ ባትሪ። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ባይጠፋም የተኛ ሰው ባለበት ክፍል መብራት አይበራም።
- መቁጠሪያ።
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ።
- ቶሎ የሚወልቅ ጫማ። በክረምት ከሆነ ለጭቃ የሚሆን ቦት ጨምሩ።
- ዝርዝር ብር፣ ለጧፍና ለሙዳየ ምጽዋት።

ደረጃ 1፦ ከመነሣታችሁ በፊት ጸሎታችሁን አሳጥሩ

ቤታችሁ የምታደርሱትን ሁሉ ይዛችሁ ለመሄድ አታስቡ። ጉዞው ላይ በየቀኑ በእርግጠኝነት የምትችሉትን ብቻ ምረጡ። ለብዙ ሰው የሚሆነው ልክ ይሄ ነው፦ የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ከዳዊት አንድ መዝሙር።

ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ስለተከፈለ ለጉዞ ይመቻል። ዛሬ ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞውን ታነባላችሁ፣ የት ደረስኩ ብሎ መፈለግ የለም። ዳዊትም በዕለታት የተከፈለ ነው፤ ግን ክፍሉ ረጅም ነው። የሰኞው ብቻ ሦስት ንጉሥ፣ ማለትም 30 መዝሙር ነው። እንግዳ በሚበዛበት ቤት ሦስት ንጉሥ ጀምሮ መጨረስ ከባድ ነው። አንድ መዝሙር ቀስ ብላችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ማሳጠሩን በራሳችሁ ብቻ አትወስኑ። ለንስሓ አባታችሁ ደውላችሁ «ለጉዞ ይህን ያህል ላድርግ?» በሉ። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልኩን እሳቸው ያውቁታል። ሁለተኛ፣ እዚያ ሆናችሁ «አጓደልኩ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ አይረብሻችሁም፤ የተፈቀደላችሁን እያደረሳችሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀድማችሁ ተናገሩ

ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል። ብዙው ዕቅድ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ጎጃም ውስጥ እንግዳ በድንገት ከሰው መሀል ከተሰወረ ባለቤቱ ይጨነቃል። «ምነው፣ ከፋት እንዴ? ምግቡ አልተስማማትም?» ይባላል። ከዚያ ልጅ ይላካል፣ በር ይንኳኳል፣ ጸሎቱ በመሀል ይቋረጣል። ቀድሞ የተነገረው ሰው ግን ራሱ ይጠብቅላችኋል፤ ልጆቹንም እሱ ነው ዝም የሚያሰኛቸው።

ሁለት ሰው ጋ ተናገሩ።

መጀመሪያ ለትዳር አጋራችሁ። እዚህ ላይ ተራ ግቡ። «ዛሬ ማለዳውን አንቺ፣ ከምሳ በኋላ እኔ። ነገ እንቀያየራለን።» አንዱ ሲጸልይ ሌላው ልጆቹን ይይዛል። ይሄ ስምምነት ከሌለ የጽሞናው ሰዓት ሁልጊዜ የአንዱ ይሆናል፣ ልጅ መጠበቁ ደግሞ ሁልጊዜ የሌላው። በአብዛኛው ቤት ልጅ ጠባቂዋ እናት ስለሆነች ይህን ለአባቶች አጥብቄ እነግራለሁ፦ ተራውን ራሳችሁ አንሡት፣ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ።

ቀጥሎ ለቤቱ እመቤት። ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ፣ ካልሆነም በደረሳችሁበት ማታ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ጸሎት አደርሳለሁ። ሲጠሩኝ ዝም ብል እንዳይቀየሙኝ። እንደጨረስኩ ቡናውን እኔ እቆላለሁ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። እንግዳው ከቤቱ ሥራ እየሸሸ አለመሆኑን የምትናገረው እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ተጠቀሙበት

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው መዝሙር ከፍቶ፣ ስልክ እያየ ይጨርሰዋል።

ከመነሣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ቆማችሁ አብራችሁ ጸልዩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ፣ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ይሁን። ከዚያ በፊት ከሆነ የቀረ ዕቃ ሲፈለግ ሐሳባችሁ ይበተናል።

ከዚያ አንድ የዝምታ መንገድ ምረጡ። የሚመቸው ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ በማዶው ሽቅብ የሚወጣ። ይህን የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። ልጆች ገደሉንና ወንዙን በመስኮት ስለሚያዩ ራሳቸው ዝም ይላሉ። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሹፌሩም ጸጥታ ያስፈልገዋል። መነሻውና መድረሻውም ግልጽ ነው፤ «ደጀን እስክንደርስ ዝም» ሲባል ትንሽ ልጅም ይገባዋል። ቴፑን ዝጉ። መዝሙርም ቢሆን ዝጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠመዝማዛው ላይ መጽሐፍ አታንብቡ፣ ያዞራል። በቃል የምታውቁትን ጸሎት አድርሱ ወይም መቁጠሪያ ያዙ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ማለት ለዚህ መንገድ ይመቻል። የሚነዳ ሰው ግን መቁጠሪያ አይያዝ፤ እጁም ዓይኑም መንገዱ ላይ ይሁን።

ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን የሰላም ሁኔታና የእንቅስቃሴ ሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን ከምትሄዱበት አካባቢ ሰው ጠይቁ። የምትሰሙት ቀኑን ሙሉ ዕቅዳችሁን ሊቀይር ይችላል።

ደረጃ 4፦ በመጀመሪያው ማታ ቤቱን አጥኑ

እራት ተበልቶ ጨዋታው ሲበርድ እነዚህን ጠይቁ፦

- ቀድሞ የሚነሣው ማነው? በስንት ሰዓት?
- እሳት የሚያያዘው መቼ ነው? ላሟስ መቼ ነው የምትታለበው?
- በሩ በምን ይዘጋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው?
- ውሻው ሌሊት ይፈታል?
- ምሥራቅ በየት በኩል ነው?
- ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን የትኛው ነው? ኪዳን በስንት ሰዓት ይደርሳል? ቅዳሴስ በየትኛው ቀን አለ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ሰዓታችሁን ይወስናሉ። ጎጃም ቤት ውስጥ ሰው በማለዳ ይነሣል። ከተማ ውስጥ «ማለዳ» የምትሉት 1 ሰዓት እዚያ እሳት የተያያዘበት፣ ሰው የተነሣበት ሰዓት ነው። ጸጥታ ያለው ከዚያ በፊት ነው።

ለውሻው የሚሰጠው መልስ ደግሞ ቦታችሁን ይወስናል። ቀን እጃችሁን ሲልስ የዋለ ውሻ ሌሊት ግቢ ውስጥ ስትንቀሳቀሱ አያውቃችሁም። ሌሊት የሚፈታ ከሆነ ቦታችሁ ከቤት ውስጥ ይሁን።

ቦታ ስትመርጡ ሰው የማይተላለፍበትን ፈልጉ። ጓዳው ጸጥ ያለ ቢመስልም ማለዳ ሊጥና ዕቃ ፍለጋ ሰው ይገባበታል። ሳሎኑ፣ እንግዳ ካልተኛበት፣ ይሻላል። መደብ ያለው ቤት ከሆነ የመደቡ ጥግ ጥሩ ነው። በረንዳው ለበጋ ይሆናል፣ ለክረምት አይሆንም።

አያት ወይም አንድ ትልቅ ሰው በሌሊት ተነሥተው የሚጸልዩበት ቤት ካረፋችሁ የራሳችሁን ቦታ አትፈልጉ። «አብሬዎት ልቁም?» በሉ። ሰዓቱም ቦታውም እዚያ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ ቤቱም ያንን ሰዓት ማክበር ለምዷል። በግሌ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

ደረጃ 5፦ የማለዳው ጽሞና

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ባይሳካ ይሄን ያዙ።

ማርቆስ ወንጌል 1፥35 ጌታ ማለዳ፣ ገና ሌሊት ሳለ፣ ተነሥቶ ብቻውን እንደ ጸለየ ይናገራል። ከዚያ በፊት ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ። ያረፈው በስምዖን ቤት ነው። የስምዖን አማት አሉ። ማታ የከተማው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰብስቦ ነበር። በማግስቱም እነ ስምዖን ተከትለው ይፈልጉታል። ሰው በሞላበት ቤት በእንግድነት ያረፈ ሰው የትኛውን ሰዓት እንደሚይዝ ከዚህ መማር ይቻላል፦ ሰው መፈለግ ከመጀመሩ በፊት ያለውን።

ሰዓቱ በአብዛኛው ቤት ከሌሊቱ 10፡30 እስከ 11፡30 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሙሉውን አትፈልጉትም፤ 25 ደቂቃ ይበቃል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

ሀ. ማታውኑ ነጠላውን፣ መጽሐፉን፣ ባትሪውንና ጋቢውን አንድ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። በጨለማ ሻንጣ ስትከፍቱ ዚፑ ሁሉንም ሰው ይቀሰቅሳል።

ለ. ስልኩን ለመቀስቀሻ ከተጠቀማችሁ በንዝረት አድርጉትና ከትራስ ሥር አስገቡት። እንደነቃችሁ ዝጉትና እዚያው ተዉት። የጸሎት መጽሐፉ የታተመ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ስልኩን ለውዳሴ ማርያም ብላችሁ ስትከፍቱ ሌሊት የገባው መልእክት ይቀድማችኋል።

ሐ. ፊታችሁን ታጠቡ። ውኃው ከበረንዳው ከሆነ ማታ በጆግ ቅዱና አስገቡ። ቀዝቃዛ ውኃ ከማንኛውም ማንቂያ በላይ ያነቃል።

መ. ነጠላ አጣፍታችሁ ወደ ምሥራቅ ዙሩና ሦስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ቁሙ። አታንብቡ። የትናንቱ ጫጫታ ጆሮ ውስጥ አለ፣ ወዲያው ማንበብ ከተጀመረ ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሠ. የዘወትር ጸሎቱንና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሱ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ሹክሹክታ ግን አይሁን። ሹክሹክታ የተኛን ሰው ይበልጥ ያነቃል፣ «ምን እያወሩ ነው?» ያሰኛል። በለሆሳስ ማነብነብ ይሻላል።

ረ. ተቀመጡና አንዱን መዝሙር ሁለት ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ የቆማችሁበት ቃል ላይ እየቆማችሁ።

ሰ. አምስት ደቂቃ ዝም በሉ። ሐሳብ ቢመጣ አትጣሉት። «እግዚኦ» ብላችሁ ተመለሱ። ጽሞናው ይሄ ነው። የቀደመው ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ ነው፣ ስለዚህ ሰዓት ሲያጥር የምታሳጥሩት ንባቡን ይሁን፣ ይህን አትቁረጡ።

ሸ. ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን የምታገኟቸውን ዘመዶች ስም ጻፉ። ለእያንዳንዳቸው ጸልዩ። የታመመ አለ፣ ልጅ የሞተበት አለ፣ ከእናንተ ጋር ቅያሜ ያለው አለ። ቀን ላይ ስታገኙት አቀራረባችሁ የተለየ ይሆናል።

እሳት መያያዝ ሲጀምር ጨርሱ። ጨርሳችሁም ወደ አልጋ አትመለሱ፤ ሄዳችሁ ሥራ አግዙ። ለቤቱ እመቤት የገባችሁት ቃል አለ። በማግስቱም እንዲሁ እንዲተዋችሁ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች፦

- ለመሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አትግቡ። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረውም ይገድላል። ጋቢ ደርቡ።
- ወለሉ ላይ ቄጠማ የተጎዘጎዘ ከሆነ ጧፍ አታብሩ። ካበራችሁም ብረት ሳህን ላይ አድርጉና ሳታጠፉ ከክፍሉ አትውጡ።
- ከተማ ዳር ወይም ገጠር ከሆናችሁ ሳይነጋ ብቻችሁን ከግቢ አትውጡ። ጅብ አለ። ኪዳን መሄድ ከፈለጋችሁ ከቤቱ ሰው ጋር ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ማለዳው ካመለጠ

ሕፃን ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ እንበል። ማለዳው የለም። ቀኑን አትተዉት፣ ሁለት ቀዳዳ ይቀራችኋል።

አንዱ ከምሳ በኋላ ነው። ምሳ ተበልቶ ትልልቆቹ ጋደም ሲሉ፣ ልጆቹ ከአክስት ልጆች ጋር ጓሮ ሲሆኑ። በክረምት ከሆነ ከሰዓት ዝናቡ ሲጥል ሰው ሁሉ ቤት ይከተታል፣ የቆርቆሮው ድምፅ ወሬውን ይሸፍነዋል። ጥግ ይዞ ዳዊት መክፈት ማንንም አያስከፋም።

የቡናውን ሰዓት ግን አትንኩ። ዘመድ የሚገናኘው እዚያ ነው። አቦሉ እየተቀዳ የተነሣ ሰው በረካው እስኪወርድ መነጋገሪያ ይሆናል። ለሦስቱም ተቀመጡ፤ ለጸሎት ከዚያ በኋላ ተነሡ።

ሌላው ሰባቱን የጸሎት ሰዓታት በአጭሩ መጠቀም ነው። 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ 11 ሰዓት ላይ ባላችሁበት ቆማችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልባችሁ በሉ። ውኃ ስትቀዱ፣ ልጅ ስታጥቡ፣ በግ ሲታረድ ዳር ቆማችሁ ስታዩም ይሆናል። ግማሽ ደቂቃ ነው። ማለዳው ላመለጠው ሰው ቀኑን ሙሉ ክሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል።

ደረጃ 7፦ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም

የጎጃም አጥቢያዎች ብዙዎቹ በዛፍ የተከበቡ ናቸው። አገልግሎት በሌለበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ዐፀዱ ውስጥ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይቻላል። በሩ ላይ ያለውን ሰው አስፈቅዱ። ልጆቹን አትውሰዱ፤ ይሄ በተራችሁ ብቻችሁን የምትሄዱበት ነው። ለቤቱ ሰው «ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ልምጣ» ካላችሁ የሚከለክል የለም። ከቅርባቸው ያረፋችሁ ከሆነ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ መርጡለ ማርያም ለሙሉ ቀን የሚበቁ ናቸው።

ባሕር ዳር ላረፈ ቤተሰብ የጣና ገዳማት አሉ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡና ጫካ ውስጥ በእግር ነው፤ ወንድም ሴትም ይገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አይገባባቸውም። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ቤተሰቡ ጀልባ ላይ ይከፈላል፣ ቀኑም በቅሬታ ይጀምራል።

ገዳም መድረስ በራሱ ጽሞና አይሆንም። ሥዕል ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ልጅ ውኃ ይጠማዋል፣ ጀልባው «እንሂድ» ይላል። ስለዚህ ጀልባው ላይ ሳላችሁ ተከፋፈሉ። አንዱ ልጆቹን ይዞ ሥዕሉን ከአስጎብኚው ጋር ያያል፤ ሌላው ያን 20 ደቂቃ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ትቀያየራላችሁ። ፎቶውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከጀመራችሁት አያቆምም።

ጀልባውን ጠዋት ያዙ። ከሰዓት ብዙ ጊዜ ነፋስ ይነሣና ሞገዱ ይበረታል። ለልጆች የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ፤ የውኃው ዳር ላይ ሳላችሁም ልጅ የሚይዘው ሰው ዓይኑን እንዳይጨፍን። ተራው ሲደርስ ይጸልያል።

ሰከላ ወርዳችሁ ግሽ ዓባይ ጠበል ለመጠጣት ካሰባችሁ ቁርስ ሳትበሉ ሂዱ፤ የልጆቹን ቁርስ ደግሞ በስንቅ ያዙ። የተራበ ልጅ ይዞ ወረፋ መቆም ለማንም አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ልጅ በመሀል ሲነቃ

ይነቃል። ጥያቄው ምን ታደርጋላችሁ ነው።

አትቆጡት። በጸሎት መሀል የተቆጡት ልጅ ጸሎትን ከቁጣ ጋር ያያይዘዋል። ትንሽ ከሆነ ጋቢው ውስጥ አስገቡት፣ መቁጠሪያውን እጁ ላይ አድርጉለት፣ ዝምታውን ትታችሁ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። ብዙውን ጊዜ መልሶ ይተኛል። ከፍ ያለ ከሆነ አጠገባችሁ ይቁምና አንድ መዝሙር ራሱ ያንብብ። ከዚያ ዝጉ። ደረጃ 5 ላይ «ሰ» ጋ ሳትደርሱ ቢሆንም ዝጉ። ቀሪውን ከምሳ በኋላ ታገኙታላችሁ።

ማታ ደግሞ ለልጆቹ የሚሆን የራሱ ጊዜ አድርጉ፦ ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ፣ ከዘመድ ልጆች ጋር ሁሉም አንድ ላይ፣ አያት ካሉ ምርቃቱ የእሳቸው። ልጆች የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ሲያውቁ የእናንተን ማለዳ መተው ይቀላቸዋል። ረጅሙን ጽሞናችሁን ግን ማታ ላይ አታስቀምጡ። እራት መቼ እንደሚያልቅ ባለቤቱም አያውቅም።

በጾምና በታላላቅ በዓላት

ጉዞው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሆነ ፍልሰታ ነው። ቅዳሴው ወደ ቀትርና ከዚያ በኋላ ይሄዳል፤ ሰዓቱ ከደብር ደብር ስለሚለያይ ጠይቁ። ጠዋት ቁርስና ቡና ስለማይኖር የማለዳው ሰዓታችሁ ይረዝማል። እንዲያውም ከሁሉም ወቅት ለጽሞና የሚቀለው ይሄ ነው።

በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ የግል ሰዓት አትፈልጉ። ታቦት ሲወጣ ጥግ ይዞ የግል ዳዊት መድገም ቦታው አይደለም። አብራችሁ ዘምሩ፣ ሌሊቱን ማኅሌቱ ላይ ቁሙ። ከበዓሉ ማግስት ወደ ማለዳችሁ ተመለሱ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ያመለጠውን እጥፍ አድርጎ መክፈል። ትናንት ስላልጸለይኩ ዛሬ የሁለት ቀን ላድርስ የሚል ሰው በሦስተኛው ቀን ይተዋል። ያመለጠው አመለጠ። የዛሬውን ብቻ አድርሱ።

መዝሙር ሰምቶ ጽሞና አደረግሁ ማለት። መዝሙር መስማት ጥሩ ነው። ዝምታን ግን አይተካም፤ ጆሮ በድምፅ ተይዟልና። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ሰው መሀል መቀመጥ ደግሞ ዘመዱን «አትናገሩኝ» እንደማለት ይቆጠራል።

ጽሞናን ከዘመድ መሸሻ ማድረግ። አንድ የማትወዱት ሰው ሲመጣ ብቻ ጸሎት ትዝ የሚላችሁ ከሆነ ሰዓቱን መርምሩት። የሰውየውን ስም ደብተሩ ላይ አስገቡና ወጥታችሁ ሰላም በሉት።

ሌላውን መውቀስ። እናንተ በሌሊት ተነሥታችኋል፣ ወንድማችሁ ተኝቷል። ቁርስ ላይ አታንሡት። ከተነሣ በኋላ የሚመጣ ቅያሜ በሚቀጥለው ማለዳ ሐሳባችሁን ይዞ ይቆማል።

መርሐ ግብሩን ሳያዩ መወሰን። ነገ በሌሊት ወደ ሌላ ዘመድ የምትጓዙ ከሆነ ማለዳ የላችሁም። ማታውኑ «ነገ ከምሳ በኋላ» ብላችሁ ወስኑ። ያልተወሰነ ሰዓት አይገኝም።

ለቅሶ ወይም ሕመም ሲመጣ

ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ዘመድ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ ዕቅዱን አጥፉት። ለቅሶ ቤት ሌሊት ሰው ያድራል፣ ማለዳ ሰው ይመጣል፣ ጸጥ ያለ ጥግ የለም። ለእነዚህ ቀናት የዘወትር ጸሎቱን ብቻ ያዙ፣ ሌላውን ተዉ። ፍትሐቱ ላይ በሙሉ ልብ ቁሙ፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ የሟቹን ክርስትና ስም ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ አስገቡ። ልጅ ከታመመም እንዲሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ መቁጠሪያው ይበቃል። ስትመለሱ ለንስሓ አባታችሁ የሆነውን ንገሯቸውና የቤታችሁን ጸሎት ከየትኛው ቀን እንደምትጀምሩ ጠይቁ።